ሦስት ዝርዝር፣ አንድ መጠለያ፤ እንዴት ላስማማው?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ የተፈናቃዮች መጠለያ በአስተባባሪነት እሠራለሁ። ሥራዬ እርዳታ ማደል አይደለም፤ የሚያድሉትን ማገናኘት ነው። እሱ ነው ያቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ድርጅቶች በአንድ ቀን ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። ሁለቱም ብሎክ 2ን መረጡ፤ ለመኪና ስለሚቀርብ ይመስለኛል። ብሎክ 5 ባዶ እጁን ቀረ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። አንዲት እናት የልጇን እግር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ "ወንድሜ፣ እኛ መዝገብ ላይ የለንም እንዴ?" አለችኝ። መዝገብ ላይስ አለች፤ እንዲያውም ሦስት መዝገብ ላይ! የወረዳው፣ የድርጅቶቹና የእኛ ዝርዝር አይገጥምም። አንዱ ጋ በባሏ ስም፣ ሌላው ጋ በራሷ ተጽፋለች።

ውሃውም ያው ነው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለአንድ ቧንቧ ቢበዛ 250 ሰው ይላል። የእኛ ቧንቧ ሲበላሽ ግን የገጠመው ድርጅት "ፕሮጀክቱ አልቋል" ይላል፤ ሌላው "የኔ አይደለም"። በየሳምንቱ እንሰበሰባለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ቃለ ጉባኤ እንፈርማለን፣ በቃ።

ማን የት ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በኤክሴል አዘጋጅቼ ነበር። የሚሞላልኝ ጠፋ።

ይህን ሥራ የሠራችሁ፣ ዝርዝሩን እንዴት አንድ አደረጋችሁት? የተፈናቃዮቹን ኮሚቴ ማጣሪያው ውስጥ ባስገባ ይሻላል ወይስ "ለዘመዱ አዳላ" የሚል ጣጣ ያመጣብኛል? ደግሞ እኔ የማንም አለቃ አይደለሁም፤ ያለ ሥልጣን ሰው እንዴት ይሰማል? ሐሙስ ሌላ እደላ አለ። ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ።