«ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተሠራም» የሚል ወንድም አለኝ፣ ምን ልበለው?

ታላቅ እህት
ሰላም ለቤቱ። ታናሽ ወንድሜ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከ600 ያመጣው 228 ነው። ማለፊያው 300 ስለሆነ ሬሜዲያል (ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ደርሶታል፤ እሱ ግን «አልሄድም» ብሎ ተኝቷል። ሒሳቧ 26 ነች። እስከ 8ኛ ክፍል አንደኛ የሚወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ይሄ ጎበዝ» የሚለው ልጅ ነበር። አሁን «ድሮም ጎበዝ አልነበርኩም፣ ተሸውዳችሁ ነው» ይላል። እማዬ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ባለችው ቁጥር በሩን ዘግቶ ይወጣል። እንዴት ላናግረው?

ጠመኔ
እህቴ፣ እናትሽ ያቺን «ጎበዝ» ለጊዜው ይተዉለት። ጎበዝነትን እንደ ቁመት አብሮት የተወለደ አድርጎ የቆጠረ ልጅ፣ አንዴ ሲወድቅ «ለካ አልነበረኝም» ብሎ ይደመድማል። ምክርም አታብዢበት። የአምና የፈተና ወረቀት ፈልጊና ሰዓት ይዞ ይሥራው። ከዚያ የሳታቸውን ሦስት ቦታ ይክፈል፦ ጭራሽ ያልተማረው፣ እያወቀ የሳተው፣ ሰዓት ያለቀበት።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ ሎጋሪዝም ሲያይ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ ነበር፤ «አይገባኝም» ብሎ ዘግቶታል። ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ሎግ (2+8) ስለው፣ ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 8 ብሎ ጻፈ። ቅንፉን ቢደምር ሎግ 10 ነው፣ መልሱ 1። እሱ የጻፈው ግን ሎግ 16 ነው የሚሆነው፤ ሎግ በማባዛት እንጂ በመደመር ላይ አይበተንም። ጠርጥሬ (3+4) ስኩዌር ስንት ነው አልኩት። 9 እና 16 ደምሮ 25 አለኝ፣ 7 በ7 49 መሆኑን ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቅ ልጅ! ያገኘውን ሁሉ በመደመር ላይ መበተን ለምዶ፣ ስንት ምዕራፍ ላይ ነጥብ ሲያስጥለው የኖረው ያው አንድ ልማድ ነው። ጭንቅላቱ ምንም አልሆነም።

የወሎ ልጅ
ይቅርታ መምህር፣ ግን በ2015 ከተፈተነው 3.2 በመቶ ብቻ ነው ያለፈው። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፈም። እኛ 11ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምረን ሳይኖር ነው የጨረስነው። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ለመጣ ልጅ «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ግፍ ነው።

ጠመኔ
ግፍ ነው፣ አልከራከርህም። ሦስት ቦታ ይክፈል ያልኩትም ለዚሁ ነው። «ያልተማርኩት» የሚለው ክምር የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ይህን በዓይኑ ይየው። አሁን ግን ሁሉንም ባንድ ላይ «ደደብ ነኝ» በሚል ከረጢት ከቶታል፤ ከዚያ ውስጥ የሚስተካከለውን መለየት አይችልም። ሬሜዲያል ላይ ደግሞ ቢያንስ መምህር ያገኛል፣ ወራቱ ጥቂት ቢሆኑም። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ቢጀምር አይፈር፤ የብዙዎቹ ቀዳዳ እዚያ ነው።

ታላቅ እህት
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምንም ሳልናገር የስኩዌሩን ጥያቄ ወረወርኩለት። «25» አለ። ዝም ስለው ተናዶ ወረቀት አምጪ አለኝ። አሁን ከኔ ጋር አይደለም፣ ከቁጥሩ ጋር ነው የተጣላው። ያለፉት ዓመታት ወረቀቶች መልሳቸው ከነአሠራሩ ይሁን ወይስ ፊደሉ ብቻ?

ጠመኔ
ፊደሉ ብቻ። አሠራሩን ካየ «አውቀው ነበር» ይላል።