የላቲኑ «ናቱስ»፦ ዕድሜ ነው ወይስ ልደት?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። «ማርኩስ ቪጊንቲ አኖስ ናቱስ ኤስት» የሚለውን ቃል በቃል ስፈታው «ማርቆስ ሃያ ዓመት ተወለደ» ይሆንብኛል። «ፖስት ክሪስቱም ናቱም» ላይስ ለምን ናቱም ሆነ? የስፓኒሽ «ናዳ» (ምንም) ከዚሁ መጣ የሚባለውስ እውነት ነው?

መላሽ 1፦ «ማርቆስ የሃያ ዓመት ሰው ነው» በለው። ግሱ ናስኮር ነው፤ ናቱስ ከሱ የወጣ ቅጽል፣ «የተወለደ»። ዕድሜ ሲነገር ዓመቱ በተሳቢ ሙያ ይቆማል፤ አኖስ እንጂ አኒ አይባልም። ለሴት ናታ፣ ለብዙ ወንዶች ናቲ ይሆናል።

ናስኮር መልኩ ተደራጊ ነው፣ ትርጉሙ ግን አይደለም። የኛም «ተናገረ» እና «ተከተለ» በ«ተ» ይጀምራሉ እንጂ ተደራጊ አይደሉም፤ የላቲን አቻዎቻቸው ሎኩቱስና ሴኩቱስም ከናቱስ ወገን ናቸው። ስለዚህ አድራጊ አትፈልግለት፤ ወላጅ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ያለ መስተዋድድ ይመጣል። «ዴአ ናቱስ» ከሴት አምላክ የተወለደ ማለት ነው። ጀማሪን የሚያስተው ዴአን ባለቤት አድርጎ ማንበብ ነው፤ የመጨረሻዋ «አ» እዚህ ረጅም ናት፣ ጽሑፉ ግን አያሳይም።

መላሽ 2፦ ፖስት ተከታዩን ስም ተሳቢ ያደርገዋል፤ ቅጽሉም ከስሙ ጋር በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ይስማማል። ክሪስቱም ካልን ናቱም የግድ ነው። ስትተረጉም ክብደቱን ለቅጽሉ ስጠው፦ «ከክርስቶስ ልደት በኋላ»። «አብ ኡርቤ ኮንዲታ»ም እንዲሁ «ከከተማዋ ምሥረታ ጀምሮ» ነው፤ ከተማዋ ሮም ናት።

ጠያቂ፦ «ማዮር ናቱ»ስ? ለእህትም ናቱ ሲል አየሁ።

መላሽ 2፦ ናቱ እዚህ ቅጽል አይደለም፣ ስም ነው፤ ማዮር ናቱ «በልደት የሚበልጥ»፣ ታላቅ ማለት ነው። ናቱ አይለወጥም፤ ለብዙዎች ማዮሬስ ናቱ ይባላል።

መላሽ 3፦ ናዳ ከዚሁ ነው። ሬስ ናታ «የተወለደ ነገር» ነበር፤ ከአሉታ ጋር ሲደጋገም ሬስ ወድቆ ናታ ብቻውን «ምንም» ሆነ። ፈረንሳይኛ በተቃራኒው ሬምን (የሬስን ተሳቢ መልክ) ይዞ «ምንም»ን ሪየን አለ። «የተወለደ» ለማለት ጣሊያንኛ ናቶ፣ ፈረንሳይኛ ኔ ይላሉ፤ ስፓኒሽ ግን ናሲዶ የሚል አዲስ ቅርጽ አበጀ። ረኔ የሚለው ስም ሬናቱስ፣ «ዳግም የተወለደ» ነው።

በኮግናቱስ ግን ተጠንቀቅ። ናቱስ በጥንት ግናቱስ ነበር፤ «ግ» እዚያ ተርፋለች፤ የስፓኒሹ ኩኛዶና የጣሊያንኛው ኮኛቶ ከሱ ወርደው ዛሬ አማች ማለት ናቸው። በላቲን ጽሑፍ ግን ኮግናቱስ የሥጋ ዘመድ ነው።