የድሮ ባለ ሞላ ወንበርን በቤት ውስጥ ማደስ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ
ከቤተሰብ የቆየ፣ መቀመጫው በሞላ የተሠራ ባለ ክንድ ወንበር አለኝ። ጨርቁ ተቀዳዷል፣ መቀመጫው መሃሉ ላይ ሰርጉዷል፣ ሰው ሲቀመጥበትም እግሮቹ ይነቃነቃሉ። አሳቤ ስፖንጅ ጨምሬ በአሮጌው ጨርቅ ላይ አዲስ ማልበስ ነበር፤ ነገር ግን አንድ አናጺ ወዳጄ ይህ ጉዳቱን ከመሸፈን አያልፍም አለኝ። የሥራው ቅደም ተከተል ምን መሆን አለበት? ለጀማሪስ ይቻላል?

መልስ 1
ወዳጅዎ ልክ ናቸው። ጨርቅ የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት ወንበሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ይግፈፉት። በመጨረሻ በምስማር የተመታው የጨርቅ ቁራጭ በመጀመሪያ ይነቀላል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ያለው የአቧራ መከላከያ፣ ቀጥሎም የጀርባው ውጫዊ ጨርቅ ነው። አዲሱ ጨርቅ የሚቆረጠው በአሮጌው ልክ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ሳይቀዱ አውጥተው የየት ክፍል እንደሆነ ይጻፉበት። የአሮጌ መሙያ አቧራ ብዙ ነውና አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

እግሮቹ የሚነቃነቁት መጋጠሚያው ላልቶ ይመስለኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምስማር ይመታል፤ ምስማር ግን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አያጸናውም። የድሮ ዕቃ በአብዛኛው የተጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ሲሆን፣ ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ፣ በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጥቂት ጊዜ ይዘው መጋጠሚያውን ያለ ጉዳት ሊፈቱት ይችላሉ። ነጩ የእንጨት ኮላ በአሮጌ ሙጫ ላይ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፋቁት። ኮላውን ቀብተው በሞርሳ ሲያጠብቁ፣ ሳይደርቅ በፊት አራቱም እግሮች ወለሉን እኩል መንካታቸውን ይመልከቱ፤ ከደረቀ በኋላ ማረም አድካሚ ነው።

መልስ 2
መቀመጫው የሰረጎደው ሞላው ስለሞተ ላይሆን ይችላል። ሞላው ካልዛገና ካልተሰበረ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ሞላዎቹ የተቀመጡበት ጁት ከሚባል ቃጫ የተሠራ ሰፊ ጥብጣብና እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ገመድ ነው። አዲሱን ጥብጣብ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያሳለፉ እንደ ሰሌን ያጠላልፉት፤ የእጅ ጉልበት ብቻ ስለማይበቃም በመወጠሪያ እንጨት ይሳቡት። ሞላዎቹን በጥብጣቡ ላይ ሰፍተው ካቆሙ በኋላ አናታቸውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም በሁለቱም ሰያፍ አቅጣጫ በገመድ ይሰሯቸው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ሌላው ሥራ ይቀላል።

ከውስጡ የፈረስ ፀጉር ካገኙ አይጣሉት። ታጥቦ፣ ደርቆና በእጅ ተፍታቶ ዳግም ያገለግላል፤ ስፖንጅ ግን ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውስጡ ፀጉር ባይኖር ምን ዓይነት ስፖንጅ ልግዛ? ጨርቁንስ በምን ልምረጥ?

መልስ 1
ስፖንጅ በመጠቀምዎ የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ ፀጉርን እኩል ማደላደል ለጀማሪ ከባድ ነው። ለመቀመጫ የሚሆነው በሜትር ኩብ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። ጠንካራ መሆኑ ብቻ አያታልልዎ፤ ጠንካራ ሆኖ ቀላል የሆነ ስፖንጅ ቶሎ ይረግባል። በስፖንጁና በጨርቁ መካከል የጥጥ ንጣፍ ያድርጉ።

ጨርቁን በሚመለከት፣ የመፈተግ ጽናት የሚለካበት ማርቲንዴል የሚባል ፈተና አለ፤ በየዕለቱ ለሚቀመጡበት ወንበር ከ20,000 ዙር በላይ የቻለውን ይምረጡ። ከፈይ ከሆነ የሁሉም ቁራጮች ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል ስላለበት ተጨማሪ ጨርቅ ይፈጃል። ጨርቁን በምስማር ሲመቱትም ከእያንዳንዱ ጎን መሃል ጀምረው ወደ ማዕዘኖቹ ይሂዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ምስማሮች እስከ ግማሽ ብቻ ቢመቱ፣ ጨርቁ ሲጣመም ነቅሎ መመለስ አያስቸግርም።