ገላመጠ፣ ገረመመ፣ አፈጠጠ፦ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ «ገላመጠው»፣ «ገረመመው»፣ «አፈጠጠበት»። ሦስቱንም «በቁጣ አየው» ብሎ መፍታት ይበቃል ወይ? «በጎሪጥ»ስ ከየትኛው ይመደባል?

መልስ፦ አይበቃም። መታየት ያለበት ዓይኑ ምን አደረገ የሚለው ነው። ገላማጭ ዞር ይላል፣ በዓይኑ ይመታል፣ ወዲያው ይመለሳል። «ተገላመጠ»ን ልብ በሉ፤ ሌባም ሚዳቋም ዞር ዞር እያሉ ይገላመጣሉ፣ ቁጣው ወጥቶ መዞሩ ብቻ ቀርቷል። አፍጣጭ ግን አይዞርም፤ ዓይኑን በልጥጦ አንድ ቦታ ይተክላል። ስለዚህ «ለረጅም ጊዜ አፈጠጠበት» ያስኬዳል፤ «ለረጅም ጊዜ ገላመጠው» ግን ጆሮ ይሻክራል። ከተደጋገመ «ሲገላምጠው ዋለ» ይባላል። ገረመመ በዓይን ጥግ ነው፤ ፊት ሳይዞር ይቻላል። «ገርመም አደረገው» ሲባል ደግሞ ለቅጽበት ያህል ነው።

ጭማሪ፦ ሰዋስዉም ይለያቸዋል። ገላመጠና ገረመመ ሰውየውን በቀጥታ ተሳቢ ያደርጋሉ፤ አፈጠጠ «በ» ይፈልጋል። ሰውን «አፈጠጠው» ማለት ስሕተት ነው፣ «ዓይኑን አፈጠጠ» ግን ትክክል ነው። «ያፈጠጠ ያገጠጠ ውሸት» የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ሊሸፍነው የሞከረ እንኳ የለም።

ስለ ጎሪጥ፦ ጎሪጥ ከአንድ እይታ ያልፋል። «ሁለቱ ጎረቤታሞች በጎሪጥ ይተያያሉ» ስንል ዓመታት የቆየ አለመተማመን ነው፤ ዛሬ ጨርሶ ባይተያዩም ይባላል። ለዚህ ነው ጋዜጠኞች ለአገሮች የሚጠቀሙበት። አገር አይገላምጥም።

ሌላ መልስ፦ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ዓይን የሚወርድበት ወገን ነው፤ ተርጓሚዎች እዚያ ብዙ ይሳሳታሉ። «አቀረቀረ» የአንገት ነው፤ ኀዘን፣ ኀፍረት፣ ሐሳብ፣ አንዳንዴም ሥራ ላይ መሆን ብቻ ነው። «ዓይኑን ሰበረ» ግን የዓይን ነው፣ ከፊቱ ላለው ሰው የተደረገ ነው፤ በታላቅ ፊት ሲሆን ጨዋነት ይባላል። አሜሪካ ያለ መምህር ግን የሚቆጣው ልጅ ዓይኑን ሲሰብር እንደ መደበቅ ወይም እንደ አለመስማት ሊቆጥረው ይችላል። በትርጉም ላይ «ዓይኑን ሸሸ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ይኸው ጥርጣሬ ወደ አማርኛው ይገባል፤ አክብሮቱ ይጠፋል። በእኛ ዘንድ ኀፍረት የሚያድረው ዓይን ላይ ነው፦ ያፈረው «ዓይን አፋር»፣ ያላፈረው «ዓይን አውጣ»፣ ጥፋቱ ታውቆበት ምንም እንዳልተፈጠረ የሚመጣው ደግሞ «ዓይኑን በጨው ታጥቦ» ነው።