አስቸኳይ! ከኖታው ሥር ያለው ግጥም ሳጥን ሆነብኝ

የሙዚቃ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን፦ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል እገባለሁ። በባቲ ቅኝት የሠራሁት አጭር መዝሙር ሲታተም ኖታው ደኅና ነው፤ ግጥሙ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ቤት በደንብ ይታይ ነበር። ማተሚያ ቤቱ 12 ሰዓት ይዘጋል፤ እባካችሁ!

ፈጣኑ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት።

የአብነት ተማሪ፦ የራሳችን ምልክት እያለን በባዕድ ኖታ መንከራተታችን ይገርመኛል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ሁሉም ከፊደሉ ራስ ላይ ይቀመጣል። ድጓ የሚያነብ ተማሪ ሳጥን አይቶ አያውቅም።

መምህርት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ፈጣኑ፦ አጠፉት?

ክራር ደርዳሪ፦ ልጄ፣ ባቲ በወረቀት ይማሩታል? ኮምፒውተሩ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ብሎ እንደ በር ደወል ያንቆረቁረዋል። የስልኬ መቃኛም ክራሬን «ልክ አይደለም» ይለኛል፤ በጆሮዬ ስቃኝ ያረጀሁትን! ክራር ይዘሽ ግቢና አሰሚያቸው።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ያለን አንድ ክራር ነው፤ ተማሪው 58። ከኋላ የተቀመጠው ጅማቱን እንኳን አያይም። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ኮምፒውተሩን ሲሰማ ግን ዜማው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ያያል።

ሳቂታ፦ ሳጥኑን ይተዉት። እኔ ስማር ኖታውም ሳጥኑም አንድ ነበር።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦ በምን ፕሮግራም እንደ ጻፉት አልነገሩንም። ሚውዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ከሆነ፣ ፋይሉን ራሱን በፍላሽ ወስደው እዚያ ከፍተውት ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል (ፎንት) በዚያ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ቤትዎ ቅርብ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገው ይምጡ፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል። ሩቅ ከሆነ «አቢሲኒካ» የሚባለውን ፊደል በነጻ አውርደው ይጫኑ፣ ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ፣ ከጽሑፍ ቅጦች ውስጥ የግጥሙን ፊደል ይቀይሩ። የኢተጋማሽ (1ኛ፣ 3ኛ) እና የተጋማሽ (2ኛ፣ 4ኛ) ስንኞች ቅጥ ለየብቻ ነው፤ አንዱን ብቻ ከነኩ ሁለተኛው ስንኝ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ፈጣኑ፦ «ዘግተው ይክፈቱ»! እኔስ ምን አልኩ?

ሌላ መምህር፦ ከመታተሙ በፊት ሳድሶቹንም ይዩ። ግጥሙን ሲጽፉ የክፍተት ቁልፉን በመቱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ኖታ ስለሚዘል፣ «ልብ»ን ለሁለት ኖታ ከከፈሉት ልጆቹ «ልእ፣ ብእ» ብለው ይዘምራሉ። ሁለቱ ፊደል ከአንድ ኖታ ሥር ይቀመጥ። እኔ ይህን ያወቅሁት 40 ገጽ ካባዛሁ በኋላ ነው።

መምህርት፦ ወይ ጉድ፣ «ልብ» ሁለት ቦታ አለ! ቤቴ እየሮጥኩ ነው።

አዲስ አባል (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ መምህርት፣ ታተመልዎት? የእኔም ሳጥን ሆኗል፤ የመጀመሪያው ስንኝ ግን ደኅና ነው።