የኤሌክትሮስኮፑ ቅጠል የሚወድቀው በጠፈር ጨረር ነው?

የሱሉልታ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሳይንስ ክበባችን በፊኛ ወደ ላይ ወጥቶ የጠፈር ጨረርን (ከህዋ የሚመጣውን ጨረር) ያገኘውን የቪክቶር ሄስን ሥራ ልናሳይ ነው። ኤሌክትሮስኮፑ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ማሳያው) ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ፣ የቡሽ ክዳን፣ የመዳብ ሽቦና ሁለት የፎይል ቅጠሎች ነው። ቻርጅ ሲደረግ ቅጠሎቹ ይራራቃሉ፤ በ5 ደቂቃ ግን ይገጥማሉ። የጠፈር ጨረር ነው? እንጦጦ ላይ ብንለካስ ይፈጥናል?

ኩሎምብ፦
ጨረሩ አይደለም መምህር፣ ቡሹ ነው። ያስሉት፦ መሬት አጠገብ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር በሴኮንድ 10 ገደማ የአዮን ጥንዶች (ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈጠሩ፣ የቅጠሉን ቻርጅ የሚያጠፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቅንጣቶች) ይፈጠራሉ፤ በ1 ሊትር 10,000። የኤሌክትሮስኮፑ ቻርጅ የመያዝ አቅም 2 ፒኮፋራድ፣ ቮልቴጁ 500 ቢሆን የሚይዘው 1 ናኖኩሎምብ ነው። አዮኖቹ ብቻ ይህን ለመጨረስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል! በ5 ደቂቃ ያለቀው በክዳኑ ሾልኮ ነው።

ቡሹን ያውጡትና ሽቦውን በቧንቧ ሠራተኞች ቴፍሎን 30 ዙር ያህል ይጠቅልሉት። ከተጠቀለለ በኋላ በጣት አይነካ፤ ላብ ቻርጅ ያሳልፋል። የሽቦው ጫፍ ሹል ከሆነም ቻርጁ ወደ አየር ያመልጣል፣ ስለዚህ ክብ አድርገው ይጠምዙት። ጠርሙሱ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይጨምሩ፤ በክረምት ያለዚያ አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቴፍሎኑ ላይ እፍ ሲሉበት ቅጠሉ ቶሎ ከወደቀ አሁንም ያፈሳል።

ለገጣፎ፦
ሰው የሚያወራው ስለ ፊኛው ነው፤ እኔ ግን የማደንቀው የሄስን ጥንቃቄ ነው። ይዞ የወጣው ቴዎዶር ቩልፍ የሠራውን ኤሌክትሮሜትር (ቻርጅ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ) ነበር፤ አየር እንዳያስወጣ የታሸገ። ባይታሸግ ኖሮ ከፍታ ላይ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳና የአዮኑ ቁጥር ያሳስተው ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1912 ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ንባቡ መጀመሪያ ትንሽ ቀነሰ፣ ምክንያቱም ከመሬት የሚወጣው ጨረር እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጨመረ፣ ላይኛው ከፍታ ላይ ከመሬቱ በእጅጉ በለጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በረረ፤ ንባቡ አልቀነሰም፣ ስለዚህ ዋናው ምንጭ ፀሐይ አይደለችም አለ። በ1936 ከካርል አንደርሰን ጋር ኖቤል ተካፈለ።

እንጦጦን በተመለከተ ለተማሪዎች ቃል አይግቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የአለቱ የራሱ ጨረርም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

የሱሉልታ መምህር፦
ቴፍሎኑን እንሞክራለን። ጨረሩን ራሱን በዓይን የሚያሳይ መንገድስ አለ?

ኩሎምብ፦
የደመና ክፍል፦ ጨረር ያለፈበትን መንገድ እንደ ቀጭን የጭጋግ መስመር የሚያሳይ ዕቃ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ደረቅ በረዶ ይፈልጋል። የፋርማሲው 70 በመቶ አይሆንም፣ ውሃው ያበላሸዋል። ደረቅ በረዶውን ያለ ጓንት አይንኩ፣ መስኮት ይከፈት።