ለመጀመሪያ የፍላሜንኮ ጊታር ጥቆማ፦ እስከ 700 ዩሮ፣ ከማድሪድ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በተለመደው የናይሎን ክር ጊታር ስማር ቆይቼ አሁን ልቤ ፍላሜንኮ ወደሚባለው የስፔን ሙዚቃ አዘንብሏል። እህቴ ማድሪድ ትኖራለች፤ ለገና ስትመጣ ልታመጣልኝ ትችላለች። ያለኝ ገንዘብ ከ700 ዩሮ አይበልጥም፤ እሷ ደግሞ ጊታር አትጫወትም። የትኛውን ልዘዛት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምርጫዬን ልንገርህና ምክንያቱን ላስከትል፦ ያማሃ ሲጂ182ኤስኤፍ። የፊት ጣውላው ስፕሩስ ከሚባል ወጥ (ያልተደራረበ) እንጨት፣ ጎንና ጀርባው ደግሞ ሲፕረስ ከሚባል እንጨት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣም አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለያይም፤ ሳይሞክር በሰው እጅ ለሚያስገዛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፍላሜንኮ ጊታር ከክላሲካሉ፣ ማለትም ከተለመደው የናይሎን ክር ጊታር፣ የሚለየው በአሠራሩ ነው። አካሉ ሳሳ፣ ክብደቱ ቀለል ይላል። በታችኛው ጫፍ፣ ክሮቹ በሚታሰሩበት በኩል፣ ከፊት ጣውላው ያላቸው ከፍታ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በክላሲካሉ ብዙ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ተጫዋቹ ክሩን እየመታ በዚያው ቅጽበት ጣውላውን በጣቱ ያንኳኳል። ይህ ጎልፔ ይባላል፤ ክሮቹ ከጣውላው ከራቁ ጣቱ በጊዜው አይደርስም። ጣውላው እንዳይቆስል ጎልፔአዶር የሚባል ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። ድምፁም ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ የሚጠፋ መሆን አለበት፤ የጨፋሪን እግር የሚያጅብ ምት የሚጎተት ድምፅ አይስማማውም።

ሲፕረስ የእኛው የፈረንጅ ጽድ ዘመድ ነው። ቀላልና ደረቅ ድምፅ ያለው እንጨት ነው፤ መልኩ ነጣ ያለ ስለሆነ በእሱ የሚሠራው ጊታር ብላንካ፣ ማለትም ነጩ፣ ይባላል። በሮዝውድ የሚሠራው ኔግራ ደግሞ ድምፁ ወፍራምና ረዘም ያለ ነው፤ ፓኮ ደ ሉሲያን የመሳሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች መድረክ ላይ አንግሠውታል። ለጀማሪ ግን ብላንካውን እመርጣለሁ። ምትህ ሲዛባ ወዲያው ያሳውቅሃል፤ አይሸፍንልህም።

ሁለተኛው ምርጫዬ አልሃምብራ 3ኤፍ ነው፤ አሊካንቴ አውራጃ ውስጥ በምትገኘው ሙሮ ደ አልኮይ ይሠራል። ጎንና ጀርባው በሲፕረስ ፋንታ ሲካሞር ነው፤ ድምፁ ከያማሃው ትንሽ ለስለስ ይላል። ዋጋው በበጀትህ ጫፍ ላይ ስለሚያርፍ ለመያዣ ሣጥን ላይተርፍህ ይችላል። ኮርዶባ ኤፍ7ም በስፕሩስና በሲፕረስ የተሠራ ጥሩ ጊታር ነው፤ በቅናሽ ከተገኘ አትለፈው። ጂኬ ስቱዲዮ የሚባለው የኮርዶባ ጊታር ግን የድምፅ ማጉያ መሰኪያ አለው፤ ቤትህ ተቀምጠህ ለምትማር ለአንተ ያንን ገንዘብ ለእንጨቱ ብታውለው ይሻላል።

ማድሪድ ከ1882 ጀምሮ የሚሠራው የራሚሬዝ ቤት አለ፤ ግራናዳም በኩዌስታ ደ ጎሜሬስ መንገድ ላይ የጊታር ሠሪዎች መደብሮች አሉ። ማየትና መስማት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በእጅ የሚሠራ ጊታር ብዙ ሺህ ዩሮ ስለሚያወጣ ለአሁኑ ተወው። ያገለገለ መግዛትንም አልመክርህም፤ የጣውላ ስንጥቅንና የአንገት መጣመምን የሚለይ ዓይን ይፈልጋል።

እህትህ ባለ ሚሊ ሜትር ማስመሪያ ይዛ ትሂድ። በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ከወፍራሙ ክር ሥር እስከ ፍሬቱ ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ 4 ከሆነ ሻጩ ክሮቹ የሚያርፉበትን አጥንት ሞርዶ እንዲያወርድላት ትጠይቅ። ብዙ ጥሩ መደብሮች ይህን ለገዢ ያደርጋሉ።

ስለ ግብር ደግሞ ይህን እወቅ። በስፔን 21 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ አለ፤ ኑሮው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ መንገደኛ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ ማስመለስ ይችላል። እህትህ የስፔን ነዋሪ ስለሆነች አይመለከታትም። ከአዲስ አበባ ሄዶ የሚመለስ ዘመድ ካለ ግን በራሱ ስም ይግዛው፤ መደብሩ ዲቫ የሚባለውን ሰነድ እንዲያዘጋጅለት ይጠይቅና በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣውን ከማስረከቡ በፊት ያረጋግጠው።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ገንዘቡ ወደ 350 ዩሮ ቢወርድብኝስ? ርካሽ የፍላሜንኮ ጊታር ልፈልግ?

መልስ፦ አትፈልግ። በዚያ ዋጋ ፍላሜንኮ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የፊት ጣውላቸው ኮምፔንሳቶ ነው። ከዚያ ይልቅ ያማሃ ሲጂ122ኤምኤስ የተባለውን ክላሲካል ጊታር ግዛ፤ የፊት ጣውላው ወጥ ስፕሩስ ነው። አጥንቱን አስወርድ፣ ግልጽ ጎልፔአዶር አስለጥፍ። ልጠፋውን ባለሙያ ይሥራው፤ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ማንሳት ቀለሙን ይጎዳል። ክር ሲቀየር ጠንከር ያለ ውጥረት ያለውን ምረጥ፤ ክሩ ሲወርድ የሚመጣውን መንጫጫት ይቀንሳል።

የትኛውንም ብትገዛ አዲስ አበባ ሲደርስ ከበጋው ድርቀት ጠብቀው። ጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ እርጥበት መስጫ አስቀምጥ፤ ተጫውተህ ስትጨርስም ግድግዳ ላይ አትስቀለው፣ ወደ ሣጥኑ መልሰው።